የፕሮግራም መግለጫ በምን መሣሪያ ይጻፍ?

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአባቶች አነጋገር ለጽሕፈት ቤት ሰው ትልቅ መመሪያ ነው። ይሁን እንጂ መጽሐፉ በሌላ ሰው ቤት ተቈልፎበት የሚኖር ከሆነ፣ ወራሹ ከደጅ ቆሞ ይቀራል። ይህንኑ ነገር በዚህ ሳምንት ስለ ኮምፒዩተር ፕሮግራም ሥራ፣ የካርቱምን ከተማ ምሳሌ በማድረግ እንመለከተዋለን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

መግለጫ ማለት ፕሮግራሙ እንዴት እንደሚተከል፣ እንዴት እንደሚሠራበት፣ ሲበላሽም እንዴት እንደሚጠገን የሚያስረዳ ጽሑፍ ነው። ሠሪው ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወር ተተኪው የሚደገፈው በዚሁ ጽሑፍ ነው። ስለዚህ በምን መሣሪያ እንደሚጻፍና የት እንደሚቀመጥ መምረጥ እንደ ቀላል ነገር ሊታይ አይገባውም።

ካርቱም ይህን በሁለት ፈተና ያየች ከተማ ናት። አሜሪካ በ1997 በሱዳን ላይ የንግድ ማዕቀብ፣ ማለት ክልከላ፣ ጥላ ነበር። በዚሁ ምክንያት ሶርስፎርጅ የተባለው የፕሮግራሞች ማከማቻ በጃንዋሪ 2010 ከሱዳን፣ ከኢራን፣ ከሶርያ፣ ከኩባና ከሰሜን ኮርያ ለሚመጡ ተጠቃሚዎች በሩን ዘጋ። ያ የንግድ ማዕቀብ በ2017 ተነሣ። ነገር ግን ኤፕሪል 15 ቀን 2023 በካርቱም ጦርነት ተጀመረ፤ በፌብሩዋሪ 2024ም የዘይን፣ የኤም.ቲ.ኤን.ና የሱዳኒ መሥመሮች ተቋርጠው አብዛኛው የሀገሩ ክፍል ከኢንተርኔት ተለየ። በፊት በሩ ከውጭ ተዘጋ፤ ኋላም ከውስጥ ተዘጋ።

እንግዲህ መሣሪያ የሚመርጥ ሹም ሦስት ነገር ይጠይቅ።

አንደኛ፤ መሥመር ሲቋረጥ መግለጫው ይነበባልን? ከ2008 ጀምሮ የሚሠራበት ስፊንክስ፣ እንዲሁም ኤምኬዶክስ የተባለው መሣሪያ፣ በተራ ጽሑፍ የተጻፈውን በራስ ኮምፒዩተር ላይ ወደሚነበብ ገጽ ይለውጣሉ፤ ሁለቱም ያለ ዋጋ የሚገኙ ናቸው። ጽሑፉ ከፕሮግራሙ ጋር በጊት ሲቀመጥ፣ በየሠራተኛው እጅ ያለው ሙሉ ቅጂ የሥራውን ታሪክ ጭምር ይይዛል።

ሁለተኛ፤ የሚጽፈው ማን ነው? የሒሳብ ሹምና የዕቃ ግምጃ ቤት ኀላፊ የተራ ጽሑፉን ልዩ ልዩ ምልክት መማር ሊከብዳቸው ይችላል። ለእነርሱ እንደ ሚዲያዊኪ ያለው ይቀላል፤ ገጹን ከፍቶ በቀጥታ መጻፍ ይቻላልና። ሆኖም ሁሉም በአንድ ሰርቨር ላይ ስለሚኖር፣ በየጊዜው ቅጂ ወጥቶ በሌላ ስፍራ መቀመጥ አለበት።

ሦስተኛ፤ በምን ቋንቋ ይጻፋል? ዐረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል፤ የእኛም ፊደል ከ1999 ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ ውል ከመፈረም በፊት አንድ ገጽ ጽፎ፣ በመስኮቱም በወረቀትም ላይ መመልከት ይገባል።

በእኛ አስተያየት፣ መሥመር በማይታመንበት አገር ተራው ጽሑፍ ይቀድማል፤ ሌላው የሚመረጠው ጸሐፊዎቹ የፕሮግራም ባለሙያዎች ባልሆኑ ጊዜ ነው። ውድ አንባቢ፣ የመረጡትን ለመፈተን ከወደዱ፣ አንድ ቀን የኢንተርኔቱን ገመድ ይንቀሉና አዲስ የተቀጠረውን ሠራተኛ ፕሮግራሙን ከመግለጫው እያነበበ እንዲተክል ይዘዙት። ማንንም ሳይጠይቅ ከጨረሰ፣ መግለጫው ለተተኪው ደርሷል ማለት ነው።