የመብራት ሳጥንና ቤት ተከራይ ተማሪ



በከተማችን በአርብ ገበያ፥ ከገጠር ቀበሌ ስንቁን ተሸክሞ መጥቶ አንድ ክፍል ተከራይቶ የሚማር ልጅ ብዙ ነው። ወላጅ ቤት ሲከራይለት ኪራዩ ስንት እንደ ሆነ፥ ውኃ መኖሩንና በሩ መቈለፉን ይጠይቃል። መብራቱ ከየት ተስቦ እንደ መጣ የሚጠይቅ ግን አላየሁም። እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ይህ ነው እላለሁ። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ስለ ኤሌክትሪክ ያልተናገረ አልነበረም፤ በገዛ ግድግዳችን ውስጥ ስላለው ሽቦ ግን ማን ይናገራል?

በብዙ ግቢ ያለው ቈጣሪ አንድ ብቻ ነው። ባለቤቱ ከዚያ ወደ ተከራዮቹ ክፍሎች በቀጭን ሽቦ ያዳርሳል፤ መጋጠሚያውም በፌስታል ተጠቅልሎ ከቈርቈሮው ሥር ይንጠለጠላል። ገበያችን ዓርብ ነውና ሐሙስ ማታ ምጣድ ይጣዳል። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይወስዳል፤ ይህ ለ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፔር ገደማ ይሆናል። በዚህ ላይ ተከራዮቹ ምድጃቸውን ሲሰኩ ብሬከሩ ይወርዳል። ያን ጊዜ የግቢው ሰው ሁሉ ይረግመዋል። ሥራውን ሠራ እንጂ ምን በደለ? የሚያሳዝነው፥ ‹‹ይህስ አስቸገረን›› ተብሎ በ20 አምፔሩ ፈንታ የ40 ሲተከል፥ ወይም በፊውዙ ቦታ የመዳብ ሽቦ ሲጠመዘዝ ነው። ከዚያ ወዲያ ብሬከሩ አይወርድም፤ የሚግለው በእንጨትና በጭቃው ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ ነው።

ደግሞም ‹‹ብሬከር ካለ ኮረንቲ ሰው አይገድልም›› ሲባል ይሰማል፤ ፊዚክስ የተማረ ሰው ሳይቀር ይለዋል። 20 አምፔር ማለት 20,000 ሚሊ አምፔር ነው። በሰው አካል ውስጥ ግን 30 ሚሊ አምፔር ያህል እንኳ ቢያልፍ ለልብ አደገኛ ነው። ስለዚህ ተራው ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፤ ሰው ተይዞ ሲንፈራገጥ እርሱ ምንም አይሰማውም። ለሰው የተሠራው ሌላ ዓይነት ነው፤ ኮረንቲ ወደ መሬት ሲያመልጥ በ30 ሚሊ አምፔር ፈጥኖ ያቋርጣል፥ የመሞከሪያ ቍልፍም አለው። ዋጋው ከተራው ይበልጣል፤ ቢሆንም በዋናው መሥመር ላይ አንዱ ከተተከለ ግቢውን ሁሉ ይጠብቃል።

አከራዮች አይቀየሙኝ። አዲስ ቈጣሪ ማስገባት ገንዘብም ጊዜም እንደሚጠይቅ ዐውቃለሁ። ነገር ግን ከተከራይ ኪራይ ጥቂቱን ቀንሶ ባለሙያ መጥራትና ሽቦውን ማስለወጥ ይህን ያህል ይከብዳል? ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለምን? (ከምሰሶው እስከ ቈጣሪው ያለውን ግን ከኤሌክትሪክ አገልግሎት ሠራተኛ በቀር ማንም አይንካ።)

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ የሳጥኑ ቦታ ነው። ብዙ ጊዜ ከባለቤቱ ሳሎን ውስጥ ነው፤ ባለቤቱ ለቅሶ ሲሄድ ተቈልፎበት ይቀራል። አንዱን ተማሪ ኮረንቲ ቢይዘው ጓደኛው ምን ያደርጋል? በእጁ ቢነካው እርሱም ይያዛል። በደረቅ እንጨት ሽቦውን ሊያርቅ ይሞክር ይሆናል፤ ዋናው መፍትሔ ግን ማጥፋት ነበር፥ ማጥፊያው ደግሞ ከተቈለፈ በር ወዲያ ነው። ስለዚህ አንድ ማቋረጫ ተከራይ በሚደርስበት፥ ዝናብና ሕፃን በማይደርሱበት በረንዳ ላይ ይደረግ። በመስከረም አዲስ ቤት የምትከራዩ ጓደኞቼም ዕቃችሁን ሳታወርዱ ‹‹እትዬ፥ የዚህ ክፍል መብራት የሚጠፋው በየትኛው ነው?›› ብላችሁ ጠይቁ፤ በእጃችሁም አጥፍታችሁ እዩት።