ስለ ቦንሳይ ዛፍ አመጋገብ

ቦንሳይ የሚባለውን የጃፓን ዛፍ ያዩ ብዙ ሰዎች ዛፉ አንሶ የቀረው በረኃብ ስለ ተቀጣ ይመስላቸዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የቃሉ ትርጓሜ በሳሕን የተተከለ ማለት ሲሆን፤ ዛፉን የሚያሳንሰው የጠባቂው መቀስና የሳሕኑ ጥበት ነው። ምግብ የተከለከለ ዛፍ ትንሽ ሆኖ አይኖርም፤ ቅጠሉ ገርጥቶ ጫፉም ደርቆ ይሞታል እንጂ። የሜዳው ዛፍ ምግብ ሲያጣ ሥሩን ወደ ሩቅ ሰዶ ይፈልጋል፤ የሳሕኑ ዛፍ ግን ወዴት ይሄዳል?

ጃፓኖች ለዚህ ዛፍ የሚመርጡት አካዳማ የሚባለውን፤ ከእሳተ ገሞራ የመጣውን፤ እንደ ጥራጥሬ ያለ አፈር ነው። ውኃ ቶሎ ስለሚያልፍበት ሥሩ አይበሰብስም። ነገር ግን በየቀኑ፤ በሙቀትም ወራት በቀን ሁለት ጊዜ የሚፈስሰው ውኃ ምግቡን አጥቦ በሳሕኑ ቀዳዳ ይዞት ይወርዳል። ውኃው የወሰደውን መተካት እንግዲህ የባለቤቱ ዕዳ ነው።

በጃፓን የቆየው ማዳበሪያ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይሆንም። ይኸውም ከጎመን ዘር ወገን የሆነ፤ ዘይቱ ተጨምቆ የወጣ ፋጉሎ ነው። ይህን ከአጥንት ዱቄት ጋራ ቀላቅለው፤ በውኃ ለውሰውና አብላልተው፤ እያድበለበሉ ያደርቁታል። ድብልብሉንም ከግንዱ አርቀው በሳሕኑ ዳር ዳር ያኖሩታል። ዛፉ ውኃ በጠጣ ቍጥር ጥቂት ጥቂት እየሟሟ ይሰርጋል፤ ወር ወይም ከዚያ ትንሽ ሲያልፍ በአዲስ ይለውጡታል። ሽታው ለእልፍኝ የሚሆን አይደለም፤ ወፎችም ስለሚለቅሙት አንዳንዶች በትንሽ ቅርጫት ይከድኑታል። ከመደብር የሚገዛው ፈሳሽ ማዳበሪያ በንጽሕና ይሻላል፤ ግን ቶሎ ታጥቦ ስለሚሄድ መደጋገም ያሻዋል። ግቢ ላለው ሰው እኛ ፋጉሎውን እንመርጣለን፤ ችኩል እጅ በፋጉሎ ብዙ አይበድልምና።

ችግሩ የሚመጣው ከንፉግነት ይልቅ ከፍቅር ነው። ማዳበሪያ ጨው አለበት። በጨው የታሸ ሥጋ ውኃውን እንደሚለቅ ሁሉ፤ ማዳበሪያ የበዛበት ሥርም የጠጣውን ያጣል፤ ቅጠሉም ከዳር ጀምሮ ይቃጠላል። ባለቤቱ ይህን አይቶ ተራበ ብሎ ቢጨምርለት፤ ያን ጊዜ ገደለው። የታመመ ዛፍ አይመገብም። ሳሕኑ ተለውጦ ሥሩ የተቈረጠውንም ቍስሉ እስኪሽር አንድ ወር ያህል ይታገሡታል። አፈሩ ደርቆ ሳለም ፈሳሽ ማዳበሪያ አይሰጥም፤ አስቀድሞ ውኃ ይጠጣል።

ጊዜውም እንደ ዛፉ ዕድሜ ነው። ግንዱ እንዲወፍር የሚፈለግ ለጋ ዛፍ በሚያድግበት ወራት ሁሉ በደንብ ይመገባል። መልኩን የጨረሰ ሽማግሌ ዛፍ ግን፤ ይልቁንም የጃፓን ሜፕል፤ ብርዱ አልፎ ቅጠል ሲያወጣ ወዲያው ቢመገብ ቅጠሉ ይሰፋል፤ የአንጓውም ርቀት ይረዝማል፤ የብዙ ዓመት ድካም በአንድ ወር ይበላሻል። ስለዚህ ቅጠሉ እስኪጠነክር ይጠብቁታል። በመስከረምና በጥቅምት የሚሰጠው ምግብ ግን ዛፉ ለብርዱ ወራት ስንቅ የሚይዝበት ስለ ሆነ ባይቀር ይሻላል።

በዋሽንግቶን ከተማ በብሔራዊው የዕፀዋት ሥፍራ አንድ የጃፓን ነጭ ፓይን አለ። በሳሕን መጠበቅ የጀመረው እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1625 ነው። በ1945 በሒሮሺማ ላይ የአቶም ቦምብ ሲወድቅ ዛፉ ከዚያ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በያማኪ ቤተ ሰብ ግቢ ነበረ፤ የግቢውም ግንብ ከለለው። ማሳሩ ያማኪ በ1976 ለአሜሪካ ሕዝብ ሰጡት፤ የልጅ ልጆቻቸው በ2001 ሊያዩት በመጡ ጊዜ ነው ታሪኩ የታወቀው። እስከዚያ ድረስ ይመግቡት የነበሩት ሰዎች ዛፉ ከምን እንደ ተረፈ አያውቁም ነበር።

ክቡራን አንባቢዎቻችን ሆይ፤ ምናልባት ሥራችን ጽሕፈት ስለ ሆነ ይሆናል፤ ለእያንዳንዱ ዛፍ አንድ ደብተር እንዲከፈትለት እንመክራለን። ዛፉ ከማን እጅ እንደ መጣ፤ ሳሕኑ የተለወጠበት ዓመት፤ የተመገበበት ቀን፤ የማዳበሪያው ዓይነትና ልክ ይጻፍበት፤ ዛፉም ወደ ሌላ ቤት ሲሄድ አብሮ ይሂድ። ጽሕፈቱ በእርሳስ ቢሆን ይሻላል፤ ከውኃ ማጠጫ አጠገብ የሚውል ወረቀት ቀለሙ ይፈስሳልና።