ቤቱ ሲለወጥ ወዳጅነትም ይለወጣልን?

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» የሚለው የአባቶች ተረት በዛሬው ዘመን አዲስ ትርጓሜ ሳያስፈልገው አይቀርም፤ የቅርብ ጎረቤት ማን እንደ ሆነ ለይቶ ማወቅ አስቸጋሪ ሆኗልና። አሶሳ ከአዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ይሁን እንጂ በባምባሲ የሚሠራ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ፣ በአሶሳ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ተማሪና በመርካቶ ሱቅ የሚጠብቅ ልጅ አንድ የእግር ኳስ ክለብ ስለሚወዱ ብቻ በየማታው በአንድ የቴሌግራም ግሩፕ ተገናኝተው ሲከራከሩና ሲሣሣቁ ያመሻሉ። የአንዱ እናት ስታርፍ ሌሎቹ ገንዘብ አዋጥተው ይልካሉ። ይህ ወዳጅነት አይደለም የሚል ሰው ካለ ወዳጅነት ምን እንደ ሆነ ሊያስረዳን ይገባዋል።

ነገር ግን አንድ ልናስተውለው የሚገባ ጉዳይ አለ። ይኸውም እነዚህ ወዳጆች የሚሰበሰቡበት ቤት የራሳቸው ሳይሆን የኪራይ መሆኑ ነው። ባለቤቱ በሌላ አገር የሚኖር ኩባንያ ነው፤ ደንቡን ሲለውጥ ተከራዩን አያማክርም፤ ሲዘጋም የሚያዝንለት የለም። ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ በጥር 2005 ዓ.ም በደቡብ አፍሪካ ለአፍሪካ ዋንጫ በተሰለፉ ጊዜ ደስታውን በፌስቡክ ገጾች ላይ ያፈሰሰው ወጣት እጅግ ብዙ ነበር። አምስት ዓመት ቆይቶ በጥር 2010 ዓ.ም ፌስቡክ ከገጾች ጽሑፍ ይልቅ የቤተ ሰብንና የጓደኛን ጽሑፍ እንደሚያስቀድም አስታወቀ። በብዙ ድካም ሰው የሰበሰቡ የደጋፊ ገጾችም የሚጽፉት ነገር ለተከታዮቻቸው እንደ ቀድሞው መድረሱ ቀረ። ያሁ ሜሴንጀር በ2010 ዓ.ም፣ ጉግል ፕላስ በ2011 ዓ.ም፣ ስካይፕ ደግሞ በ2017 ዓ.ም ተዘግተዋል። የዛሬዎቹ ቴሌግራምና ቲክቶክም ለዘለዓለም እንደሚኖሩ ዋስ የሚሆን ማንም የለም።

በአገራችንም መንገዱ የተቋረጠባቸው ጊዜያት ነበሩ። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም ጀምሮ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ተዘግቶ ነበር። ከየካቲት 2 ቀን 2015 ዓ.ም እስከ ሐምሌ ወር ድረስ ደግሞ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ታግደው ቆዩ። በዚያን ጊዜ ቪፒኤን መጠቀም የሚያውቀው ሲገባ የማያውቀው በውጭ ቀረ።

ጉዳቱ በይበልጥ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። አንድ ማኅበር ከአንዱ መድረክ ወደ ሌላው ሲሻገር ሰው የሚበጠረው በፍቅሩ መጠን አይደለም፤ በስልኩ ዓይነት፣ በኔትወርኩ ጥራትና ለዳታ በሚከፍለው ገንዘብ ነው እንጂ። ወሬው በጽሑፍ በነበረ ጊዜ ደካማ ኔትወርክ ባለበት ቀበሌ የሚኖር መምህር እንደ ማንም ሰው ይከራከር ነበር። ወሬው ወደ ቪዲዮ በተዛወረ ጊዜ ግን ያ መምህር ዝም ይላል፤ ጓደኞቹም የተቀየመ ይመስላቸዋል። ደግሞም ብዙዎቻችን የምንተዋወቀው በቅጽል ስም ነው። የሚወደውን ክለብ የሃያ ዓመት አሰላለፍ በቃሉ የሚያውቅ ደጋፊ የወዳጁን የአባት ስም አያውቅም። ስለዚህ ግሩፑ የጠፋ ዕለት ሰውየውም አብሮ ይጠፋል።

«በመድረክ መለወጥ የሚፈርስ ወዳጅነት ከመጀመሪያውም ወዳጅነት አልነበረም» የሚሉ አሉ። አነጋገሩ ያምራል፤ እውነቱ ግን ግማሽ ነው። ወዳጅነት እንደ ችግኝ ነው፤ ሥር እስኪሰድ ድረስ የሚቆምበት መሬት ይሻል። ገና ሳይጸና መሬቱን የነሡት ችግኝ ቢደርቅ ጥፋቱ የችግኙ አይደለም። መለወጥ ሁሉ ክፉ ነው ማለታችንም አይደለም። አዲስ ቤት አዳዲስ ሰዎችን ያመጣል፤ ስድብና የዘር ጥላቻ የነገሠበትን ግሩፕ ትቶ መውጣትም ብልኅነት ነው። ክፉ ወሬ ከአፍ ወጥቶ የት እንደሚደርስ በ2012 እና በ2013 ዓ.ም በመተከል የደረሰውን መከራ ያየ የክልላችን ወጣት አስተማሪ አያሻውም።

እንዲያውም ነገሩ ለቤኒሻንጉል ጉሙዝ ከጨዋታ በላይ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በርታው፣ ጉሙዙ፣ ሺናሻው፣ ማኦው፣ ኮሞው፣ አማራውና ኦሮሞው በአንድ ላይ በሚኖሩበት ክልል፣ ሰው «ከየት ነህ?» ተብሎ ሳይጠየቅ «የማን ደጋፊ ነህ?» ተብሎ ብቻ የሚገባበት ቤት ቀላል ሀብት አይደለም። እንዲህ ያለው ቤት በቸልታ ሲፈርስ የሚጠፋው የኳስ ወሬ ብቻ አይሆንም።

ታዲያ ምን ይበጃል? በርታዎች ዋዛ የሚሉት የሙዚቃ መሣሪያ አላቸው፤ ስሙን ሰምቶ ቀልድ የሚመስለው ቢኖር ተሳስቷል። ከቅል የተሠሩ ረጃጅምና አጫጭር መለከቶች ናቸው። እያንዳንዱ መለከት የሚሰጠው አንድ ድምፅ ብቻ ስለ ሆነ አንድ ሰው ብቻውን ዜማ ሊያወጣ አይችልም፤ ሁሉም ተራውን ጠብቆ ሲነፋ ግን ዜማው ይሞላል። ከነፊዎቹ አንዱ ሲጎድል ወዲያው ይታወቃል። የደጋፊ ማኅበርም እንዲህ ሊሆን ይገባዋል፤ ከሺህ አባል መካከል አንዱ ዝም ሲል «እገሌ የት ገባ?» የሚል ሰው ሊኖር ያስፈልጋል።

በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ሌላ ምሳሌ ይሆኑናል። የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1984 ዓ.ም ከተመሠረተ ወዲህ የመገናኛው ዓይነት ከቤት ስልክ ወደ ኢሜል፣ ከኢሜል ወደ ፓልቶክ፣ ከዚያም ወደ ፌስቡክ ተለዋውጧል። ነገር ግን በበጋቸው ወራት በአንድ ከተማ ተሰብስቦ ኳስ የመጫወቱና የመገናኘቱ ልማድ መድረኮቹን ሁሉ አልፎ ኖሯል። መድረኩ መጥሪያ ሆነ እንጂ ማኅበሩን አልተካውም።

እኛም ከዚህ ልንማር እንችላለን። ግሩፕ የሚመራ ሰው የአባላቱን እውነተኛ ስምና የስልክ ቁጥር፣ ፈቃዳቸውን ጠይቆ፣ በደብተር ይመዝግብ። ቁልፉ በአንድ ሰው እጅ ብቻ እንዳይሆን ሁለት ሦስት አድሚኖች ይሹሙ። ወደ አዲስ መድረክ ሲዛወሩ አሮጌውን ቤት በአንድ ሌሊት አይዝጉ፤ ወሬው ዘግይቶ የሚደርሰውን ይጠብቁ፤ ቪዲዮ መክፈት ለማይችለውም ፍሬ ነገሩን በጽሑፍ ያኑሩለት። ከሁሉም በላይ በአንድ ከተማ የሚኖሩ አባላት ጨዋታውን በየስልካቸው ከማየት ይልቅ ቢያንስ በወር አንድ ቀን በአንድ ቤት ተቀምጠው ይዩ።

በየወረዳው ለሥራ የተመደባችሁ ወጣት ሠራተኞችና ገና በትምህርት ላይ ያላችሁ ተማሪዎች ሆይ፤ ዛሬ ማታ ስልካችሁን ስትከፍቱ ለረጅም ጊዜ ድምፁ ያልተሰማውን አንድ ወዳጃችሁን ፈልጉ። ጽሑፍ ብቻ ልካችሁ አትተዉት፤ ደውሉለት። የቤቱ ባለቤት ሌላ ቢሆንም ወዳጁ የእናንተ ነውና።