ማን ያነበዋል?

የሕይወት ታሪካችሁን በደብተር ጻፉ ስል ብዙ እናቶችና አባቶች «የእኔን ታሪክ ማን ያነበዋል?» ይሉኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ልጆች ጊዜ የላቸውም፤ የልጅ ልጆች ዓይናቸው ስልክ ላይ ነው።

መጻፍ ግን በመጀመሪያ የሚጠቅመው ጸሐፊውን ነው። ጄምስ ፔንቤከር የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1986 ከባልደረባቸው ጋር ባሳተሙት ጥናት፣ የደረሰባቸውን ከባድ ነገርና ስሜታቸውን ለ4 ተከታታይ ቀናት፣ በየቀኑ 15 ደቂቃ የጻፉ ተማሪዎች፣ ተራ ነገር ከጻፉት ይልቅ በቀጣዮቹ ወራት ለሕክምና የሄዱት ጥቂት ጊዜ ነበር።

አንባቢውም ይመጣል፤ የሚመጣው ግን ዘግይቶ ነው። በነርስነት ዘመኔ «በቤተሰብዎ ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው አለ?» ብለን ስንጠይቅ፣ «እናቴ ብትኖር ታውቅ ነበር» የሚል መልስ ስንት ጊዜ ሰማሁ!

ስለዚህ ምክር አታብዙበት፤ ምክሩን ሲሰሙት ኖረዋል። ክንዳችሁ ላይ ምልክቱ የቀረውን የፈንጣጣ ክትባት የት እንደተከተባችሁ፣ የ1977ቱን ድርቅ እንዴት እንዳለፋችሁት፣ አያቶቻችሁ በምን ሕመም እንዳረፉ ጻፉ። ለዛሬ ማታ አንድ ገጽ ይበቃል። ስማችሁንና ቀኑን ከላይ ማስፈር አትርሱ።