ፑምዋኒ ያልደረሰው የምክር ቤት ዓይን

ማይክ ሶንኮ ካሜራ የሚሸሹ ሰው አልነበሩም። የናይሮቢ ካውንቲ ገዥ ሳሉ፣ ሴፕቴምበር 17 ቀን 2018 (ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)፣ ጥቆማ ደርሷቸው ሳይታሰብ ፑምዋኒ የወሊድ ሆስፒታል ሲገቡም ቪዲዮ የሚቀርጽ ሰው አብሯቸው ነበር። በካርቶንና በላስቲክ ውስጥ የ12 ጨቅላ ሕፃናት አስከሬን ተገኘ። ካርቶኖቹ ሲከፈቱ የሚያሳየው ቪዲዮ አገሩን አዳረሰው። ገዥውም የሆስፒታሉን ኃላፊዎች ውለው ሳያድሩ አገዱ።

በናይሮቢ ኢስሊ ሰፈር ለሚኖሩ ሐበሾች ይህ የሩቅ ወሬ አልነበረም። ፑምዋኒ ከሰፈራቸው በእግር ይደረሳል፤ ኢትዮጵያውያን እናቶችም ይወልዱበታል። ሆስፒታሉ በቅኝ ግዛት ዘመን፣ በ1926 የተከፈተ ሲሆን መንግሥት በጁን 2013 የወሊድ ክፍያን ካስቀረ በኋላ ጫናው እጅግ በርትቶበት ነበር።

ሶንኮን ማመስገንም ሆነ መውቀስ አሁን ብዙም ፋይዳ የለውም። የሚያስጠይቀው ሌላ ነው፤ ገዥው በጥቆማ የደረሱበትን ነገር ቀድሞ ማወቅ የነበረበት ማን ነበር? በሕጉ መሠረት የካውንቲው ምክር ቤት፣ በተለይም የጤና ኮሚቴው ነበር። ምክር ቤቱ ግን በዚያው ወር መጀመሪያ አፈ ጉባኤዋን ቢያትሪስ ኤላቺን በድምፅ ከወንበራቸው እያወረደ ነበር። ነገሩ ወደ ፍርድ ቤት ሄደ፤ የአዳራሹ ጠብም ሳምንታት የዜና ቀለብ ሆነ።

ሥልጣን አንሶት ነው እንዳይባል ሕጉ ለጋስ ነው። ኬንያ በ2010 ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት ሥልጣንን ለ47 ካውንቲዎች አከፋፈለች፤ ሥርዓቱም ከማርች 2013 ምርጫ በኋላ ሥራ ጀመረ። ናይሮቢ 85 ዋርዶች አሏት፤ እያንዳንዱ ዋርድ አንድ ተወካይ ይመርጣል፤ ፓርቲዎች የሚመድቧቸው አባላትም ይታከላሉ። ሰፈርተኛው ሁሉንም «ኤም.ሲ.ኤ.» ይላቸዋል። በሕገ መንግሥቱ አራተኛ ሠንጠረዥ ለካውንቲ የተሰጠውን ሥራ ያነበበ ሰው የአንድ ተራ ነዋሪን ዕድሜ ከዳር እስከ ዳር ያገኘዋል። ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ፣ የሕፃናት መዋያ፣ የሰፈር መንገድ፣ ውኃና ፍሳሽ፣ ቆሻሻ ማንሳት፣ እሳት አደጋ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ የመቃብር ቦታ። አንቀጽ 185 ይህን ሁሉ የሚሠራውን አስፈጻሚ የመቆጣጠሩን ኃላፊነት ለምክር ቤቱ ይሰጣል። አንቀጽ 195 ደግሞ ማንንም ጠርቶ የመጠየቅና ሰነድ የማስቀረብ፣ ከከፍተኛው ፍርድ ቤት ጋር የሚተካከል ሥልጣን ይጨምርለታል።

ይህ ሁሉ ሥልጣን የት እንደሚውል ለማየት ሌላ ሆስፒታልና ሌላ ዓመት በቂ ነው። በኖቬምበር 2020 የቢቢሲ «አፍሪካ አይ» ጋዜጠኞች በማማ ሉሲ ኪባኪ ሆስፒታል ሕፃን ለሽያጭ ሲቀርብ በስውር ካሜራ ቀርጸው አሳዩ። ተጠርጣሪዎቹ ኋላ ላይ በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተባሉ። ማማ ሉሲም እንደ ፑምዋኒ የከተማው የሕዝብ ሆስፒታል ነው። ምክር ቤቱ በእነዚያ ሳምንታት ሙሉ ሐሳቡ ያረፈው ሶንኮን ከሥልጣን ማንሳቱ ላይ ነበር። ሶንኮ ብዙ አባላትን ይዘው ወደ ባሕር ዳርቻው ክዋሌ ወርደው ነበር፤ ቢሆንም ዲሴምበር 3 ቀን 88 አባላት ይነሱ ብለው ድምፅ ሰጡ። ሴኔቱም ዲሴምበር 17 በ27 ለ16 አጸደቀው። በፑምዋኒ ጥቆማ፣ በማማ ሉሲ የጋዜጠኛ ካሜራ ቀደመ። ኮሚቴው ሁለቴም ከኋላ ደረሰ።

በእርግጥ በ2020 ምክር ቤቱ ምክንያት ነበረው። ሶንኮ በፌብሩዋሪ 25 ቀን 2020 በፈረሙት ስምምነት የጤናን፣ የትራንስፖርትን፣ የሕዝብ ሥራዎችንና የከተማ ፕላንን ሥራ ለማዕከላዊው መንግሥት አስረክበው ነበር። «ናይሮቢ ሜትሮፖሊታን ሰርቪስስ» የተባለው አዲስ መሥሪያ ቤት በሜጀር ጄኔራል መሐመድ ባዲ ሥር ተቋቋመ፤ በድሃ ሰፈሮች 24 የጤና ተቋማት ለመሥራትም ተነሣ። ጄኔራሉ ሥራ አሳይተዋል፤ ይህን መካድ አይቻልም። የሚጠሯቸው ግን ከቤተ መንግሥት እንጂ ከካውንቲው መቀመጫ ከሲቲ ሆል አልነበረም። ከተማዋ እንዲህ ያለውን ነገር ከዚያ በፊትም ቀምሳዋለች፤ በ1983 ምክር ቤቷ ታግዶ እስከ 1992 ድረስ በተሾመ ኮሚሽን ትተዳደር ነበር።

ጉድለቱ ግን ከዚህ ይሰፋል። አንድ ኤም.ሲ.ኤ. ዋርዱ ውስጥ ሲገባ መራጩ የሚጠይቀው ስለ ሆስፒታል ኦዲት አይደለም። ለልጁ የትምህርት ቤት ድጎማ፣ ለመንደሩ መብራት፣ ጭቃው ላይ የሚፈስ ጠጠር ነው የሚለምነው። ስለዚህ ተወካዩ በስሙ የሚያከፋፍለው ገንዘብ ይፈልጋል፤ የዋርድ ልማት ፈንድም ለዚህ ተመቸው። ከዚያ ወዲያ ገዥውን የሚጠይቀው ሰው ከገዥው ገንዘብ የሚጠብቅ ሰው ነው። የኬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኦገስት 2022 በፓርላማ አባላት የሚመራውን ተመሳሳይ የምርጫ ክልል ፈንድ ሕግ ሲሽር ያነሣው ነጥብ ይኸው ነበር፤ ሕግ አውጪና ተቆጣጣሪ የሆነ ሰው ገንዘብ አስፈጻሚ ሊሆን አይገባውም። ውሳኔው ሲቲ ሆል ጆሮ ውስጥ የገባ አይመስልም። በሴፕቴምበር 2025 አባላቱ አሁን ባሉት ገዥ ጆንሰን ሳካጃ ላይ የማንሳት ሐሳብ ሲያነሡ፣ ከቅሬታዎቹ ግንባር ላይ የዘገየው የተማሪ ድጎማና የዋርድ ፈንዱ ይገኙ ነበር። ፕሬዚዳንት ሩቶና የኦ.ዲ.ኤም. ፓርቲ መሪ የነበሩት ራይላ ኦዲንጋ አባላቱን እየጠሩ አነጋገሩ፤ ሐሳቡም በጥቂት ቀን ውስጥ ወደ ጎን ተተወ። ቁጣው እውነተኛ የቁጥጥር ቁጣ ቢሆን ኖሮ በሁለት ሰዎች ጥሪ ባልበረደ ነበር።

ምክር ቤቱ ደግሞ ቴሌቪዥን የማይወደው ሌላ ሥራ አለው። አንድ አባል ይነሣና ከኮሚቴው ሰብሳቢ መግለጫ ይጠይቃል፤ የእገሌ መንገድ የፍሳሽ መስመር ለምን ክፍት ሆኖ ከረመ? ኮሚቴው ከካውንቲው ሥራ አስፈጻሚ የጽሑፍ መልስ ያመጣል፤ ጥያቄውም መልሱም በቃለ ጉባኤው ላይ ይሰፍራል። አሰልቺ ነው፤ የሚያስጨበጭብ ነገር የለውም። የናይሮቢን ሰው ኑሮ የሚነካው ቁጥጥር ግን ይህ ነው፤ ነገርን በእንጭጩ የሚይዘው ይህ ነው። የዋና ኦዲተሩ ሪፖርትም እንደዚሁ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 229 ሪፖርቱ በደረሰ በሦስት ወር ውስጥ ምክር ቤቱ ተወያይቶ እርምጃ እንዲወስድ ያዛል። በጊዜው ያልተነበበ ኦዲት ግን የሚጠይቀው ሰው በሌላ ወንበር ላይ ከተቀመጠ በኋላ የሚገለጥ ወረቀት ነው።

የሳካጃ አስተዳደር በ2023 የጀመረው፣ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን ጭምር የሚመግበው «ዲሺ ና ካውንቲ» ለእንዲህ ያለው አሰልቺ ጥያቄ ጥሩ ማሳያ ነው። ልጁ በእጁ ያሰራትን አምባር አስነክቶ ትኩስ ምሳ ይበላል፤ ወላጅ ለአንድ ምሳ የሚከፍለው 5 ሺልንግ ነው፤ የቀረውን ካውንቲውና «ፉድ ፎር ኤጁኬሽን» የተባለው ድርጅት ይሸፍናሉ። ሥራው ያስመሰግናል። ይሁንና በሕገ መንግሥቱ ለካውንቲ የተሰጠው የቅድመ መደበኛ ትምህርት ብቻ ነው፤ አንደኛ ደረጃው የማዕከላዊው መንግሥት ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ከየትኛው ቋት ነው የሚወጣው? ከሌላ ምን ላይስ ተቀነሰ? ይህን መጠየቅ ከልጅ አፍ ምሳ መንጠቅ አይደለም። አዲስ አበባም በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. በመንግሥት ትምህርት ቤቶቿ ምገባ ስትጀምር ተመሳሳይ ጥያቄ ሊነሣ ይገባ ነበር። ግን ማን ያንሣው? የከተማው ምክር ቤት 138 ወንበሮች አሉት፤ ከ2013 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ እጅግ አብዛኛው የአንድ ፓርቲ ሆነ።

ቆሻሻ ላይ ሲደረስ ታሪኩ ቀልድ ይመስላል። በፌብሩዋሪ 2025 የኤሌክትሪክ ኩባንያው ኬንያ ፓወር በዕዳ ምክንያት የሲቲ ሆልን መብራት ቆረጠ። የካውንቲው መኪኖችም ቆሻሻ ጭነው መጥተው ከኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት፣ ከስቲማ ፕላዛ ደጃፍ ላይ ደፉት። መኪናም ነዳጅም ነበር ማለት ነው። በዚያው ሰሞን በየሰፈሩ የተከመረውን ለማንሳት ግን ያው መኪና ሲጠበቅ ይዋላል። የሚነሣውም ቢሆን የሚሄደው በ1975 ወደተከፈተው ዳንዶራ ነው፤ ዳንዶራ «ሞልቷል» ከተባለ ከ2001 ጀምሮ እየተጫነበት ነው።

ኢስሊ ይህን በአፍንጫው ያውቀዋል። ሰፈሩ የካሙኩንጂ ምርጫ ክልል ነው፤ ክልሉ ፑምዋኒ፣ ኢስሊ ሰሜን፣ ኢስሊ ደቡብ፣ ኤርቤዝና ካሊፎርኒያ የሚባሉ አምስት ዋርዶች አሉት። ፎቁ ከምሥራቅ አፍሪካ የሚመጣውን ነጋዴ ሁሉ ያስተናግዳል፤ ዝናብ ሲጥል ግን ከፎቁ ሥር ያለው መንገድ ፍሳሽ ተቀላቅሎበት ይውላል። ውኃ በጀሪካን ተሞልቶ በጋሪ ይገፋል። መንገድ ላይ የሚቸረችረውን ደግሞ የካውንቲው ደንብ አስከባሪ፣ ሰዉ «ካንጆ» የሚለው፣ ያሯሩጠዋል። ሐበሻው ነጋዴ ለካውንቲው የንግድ ፈቃድ ይከፍላል። የሚያገኘውን አገልግሎት ግን እንደ ዝናብና እንደ ፀሐይ ከላይ የሚመጣ አድርጎ ነው የሚቀበለው።

ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ መፍረድ ቀላል አይደለም። በኤፕሪል 2014 በተካሄደው አፈሳ ኢስሊ ተከቦ፣ በዋናነት ሶማሌዎች፣ ከእነርሱም ጋር ኢትዮጵያውያን፣ በካሳራኒ ስታዲየም መታጎራቸውን የሚያስታውስ ሰው ከመንግሥት በር ቢርቅ አይፈረድበትም። ከአገር ቤት ይዞት የመጣው ልምድም አይረዳውም። ቀበሌ ከ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ወዲህ ነዋሪውን የሚጠይቅ እንጂ በነዋሪው የሚጠየቅ አልነበረም። መታወቂያ ለማሳደስ ወይም የድጋፍ ደብዳቤ ለመለመን ነው የሚኬደው።

የሚገርመው ግን ይኸው ነዋሪ በእድሩ ላይ ሲሆን ሌላ ሰው ነው። ገንዘብ ያዡ በስብሰባ ፊት ቆሞ ድንኳኑ በስንት እንደተገዛ ካላስረዳ አያስቀምጡትም፤ ደረሰኝ ይገለበጣል፤ «ባለፈው ወር ያልከው ሌላ ነው» የሚል አንድ አዛውንት አይጠፋም። የሲቲ ሆል ኮሚቴ የእድሩን አዛውንት ግማሽ ያህል ቢሆን ናይሮቢ ሌላ ከተማ በሆነች ነበር።

በኬንያ ሕግ ምርጫ የዜጋ ነው፤ መረጃ የማግኘት መብትንም አንቀጽ 35 ለዜጋ ብቻ ነው የሰጠው። አቤቱታ ግን ከዚህ ይለያል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37 ለባለሥልጣን አቤቱታ የማቅረብን መብት «ለማንኛውም ሰው» ይላል። የ2012ቱ የካውንቲ መንግሥታት አዋጅ አንቀጽ 15ም በምክር ቤቱ ሥልጣን ሥር በሚወድቅ በማናቸውም ጉዳይ ማንኛውም ሰው ለካውንቲው ምክር ቤት አቤቱታ ማቅረብ እንደሚችል ይደነግጋል። ዜግነት አልተጠየቀም። ስብሰባዎቹም በአንቀጽ 196 ለሕዝብ ክፍት ናቸው። የኢስሊ ሐበሻ ይህን መብት ካልተጠቀመበት ላም አለኝ በሰማይ ነው። ሐበሻው አንድ ድምፅ እንኳ የለውም፤ ስለዚህ ኤም.ሲ.ኤ.ው ሊደልለው የሚፈልገው ሰው አይደለም። ይህ ጉዳት ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። ድጎማ የማይጠብቅ ጠያቂ ነገሩን በቀጥታ ሊጠይቅ ይችላል።

ደግሞም ከባድ ሥራ አይደለም። ማመልከቻው በእንግሊዝኛ ወይም በስዋሂሊ ይጻፋል። ጉዳዩ ቀድሞ ለሚመለከተው ቢሮ ቀርቦ ምን መልስ እንደተገኘ፣ ፍርድ ቤት ይዞት እንደሆነም ይገልጻል። የአመልካቾቹ ስምና ፊርማ ይሰፍርበትና ለምክር ቤቱ ጸሐፊ ይገባል። «አስተዳደሩ ይሻሻል» የሚል ማመልከቻ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። የመንገዱ ስም፣ ፍሳሹ የሚፈነዳበት ጉድጓድ፣ ቆሻሻ የሚነሣበት ቀን፣ የተከፈለው የንግድ ፈቃድ ደረሰኝ ቅጂ ካለበት ግን ለመግፋት ይቸግራል። የካውንቲው በጀት ረቂቅ እስከ ኤፕሪል 30 ለምክር ቤቱ ቀርቦ እስከ ጁን 30 መጽደቅ አለበት። ከዚያ ቀድሞ፣ በማርች ውስጥ፣ የገባ አቤቱታ ኮሚቴውን የሚያገኘው ገንዘቡ ገና ሳይደለደል ነው።