ወባ ፕሮፖዛል አይጠብቅም

በዚህች አገር የጤና እርዳታ የሚሰጠው ለታመመ ሰው አይደለም፤ ስለ ታመመ ሰው አሳምሮ ለጻፈ ነው። በዚህ ካልተስማማችሁ እስቲ እንከራከር። ከተስማማችሁ ደግሞ እስከ መጨረሻው አንብቡትና ገንዘብ ከሚያድሉት ወገኖች ለምታውቁት ለአንዱ አድርሱልኝ። (እ.ኤ.አ. ካላልኩ በስተቀር ዓመቶቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ ወዲህ ነው። ነቀምቴ፣ ጊምቢ፣ ነጆ፣ ሻምቡ ወይም ደምቢ ዶሎ ውስጥ አንድ እድር አለ እንበል። ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ ጡሩምባ ነፊ አለው። ድንኳኑ፣ ወንበሩና ብረት ድስቱ በየዓመቱ ተቆጥረው ይመዘገባሉ። የትኛው ቤት አራስ እንዳለች፣ የትኛው ቤት የአልጋ ቁራኛ እንዳለ፣ የማን ልጅ ትናንት ማታ ሲንቀጠቀጥ እንዳደረ ያውቃል። ወባው ሲበረታ ይህ እድር ተሰብስቦ "መቅበሩ በዛ፤ ከመቅበር ማዳን አይሻልም ወይ?" አለ እንበል።

ምን ይፈልጋል? ሌሊት የታመመ ሰው ጤና ጣቢያ የሚያደርስበት የባጃጅ ኪራይ። ባጃጅ ለማይገባበት መንደር ጠንካራ ቃሬዛ። ለነፍሰ ጡሮችና ለሕፃናት አጎበር። ያቆረ ውኃ ለሚያፋስሱ ወጣቶች አካፋና ቦት ጫማ። ይኸው ነው። ለሁለት ቀን የሆቴል ወርክሾፕ ከሚወጣው ገንዘብ የሚበልጥ አይመስለኝም።

እድሩም "ለማኅበረሰብ ጤና ሥራ አነስተኛ ድጎማ እንሰጣለን" የሚል ጥሪ ሰማና ጸሐፊው ቅጹን ከፈተ። እንግዲህ ጉዱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

"የምዝገባ ምስክር ወረቀት ያያይዙ።" የለውም፤ ለምን እንደሌለው ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

"የሦስት ዓመት የውጭ ኦዲት ሪፖርት ያያይዙ።" የእድሩ ኦዲት የሚካሄደው በስብሰባ ቀን፣ በአባላቱ ሁሉ ፊት ነው። አምስት ብር የጎደለች እንደሆነ ገንዘብ ያዡ የሚገባበት ቀዳዳ የለውም።

"የድረ ገጽ አድራሻ?" ጡሩምባ አለው አልኳችሁ እኮ።

"ሎጂካል ፍሬምወርክ ያያይዙ።" ጸሐፊያችን ፍሬም የሚያውቀው የፎቶ ነው።

"ድጎማው ሲያበቃ ሥራው እንዴት ይቀጥላል?" እኔን የምታስቀኝ ይቺ ናት። ጠያቂው የሁለት ዓመት ፕሮጀክት ነው። ተጠያቂው ከአያቶቹ የወረሰው፣ ነገም ለልጅ ልጆቹ የሚያወርሰው ማኅበር ነው። ማን ማንን ነው ስለ ቀጣይነት የሚጠይቀው?

ይህ ሁሉ ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው። ነቀምቴ እኮ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መልሶ እ.ኤ.አ. በ1899 ያሳተመው ኦነሲሞስ ነሲብ ሕዝቡን በገዛ ቋንቋው ማንበብ ያስተማረባትና ያረፈባት ከተማ ናት። እሱና አስቴር ገኖ የደከሙለት ነገር አንድ ሰው የልቡን በሚያውቀው ቋንቋ እንዲያነብና እንዲጽፍ ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ የባኬ ጃማ ሰው ልጁ በወባ መታመሙን ለማስረዳት የባዕድ ቋንቋ አዋቂ መቅጠር አለበት። ቀጥሮም አይቀር! ፕሮፖዛል መጻፍ ዛሬ ራሱን የቻለ እንጀራ ነው። ጸሐፊው ሰፈሩን አይቶት አያውቅም፤ ግን ምን ዓይነት ቃል ገንዘብ እንደሚያወጣ ያውቃል። እድሩ "ሰው እየሞተብን ነው" ያለውን እሱ "የማኅበረሰቡን የመቋቋም አቅም መገንባት" ብሎ ይመልሰዋል። የሚያሸንፈውም ይኸኛው ነው።

የሚላከው ደግሞ በኢንተርኔት ነው። እስቲ 2012ን አስታውሱ። ከታኅሣሥ መጨረሻ ጀምሮ ለሦስት ወር ገደማ በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለም ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ስልክም ኢንተርኔትም ተዘግቶ ነበር። በምሥራቅ ወለጋም ኢንተርኔቱ ተቋርጦ በዋና ዋና ከተሞች ስልክ ብቻ ነበር የሚሠራው። መጋቢት 4 ቀን በአገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ መገኘቱ ሲነገር፣ ወለጋ ውስጥ ወሬውን በስልኩ መስማት የማይችል ብዙ ሰው ነበር። በዚያ ወቅት "እስከ ወሩ መጨረሻ በኢሜይል ላኩ" የሚል ጥሪ ለእነዚህ ሰዎች ምናቸው ነው? ከዚያ ወዲህም በግጭቱ ምክንያት መንገድ የተዘጋባቸው፣ ጤና ኬላ የተዘረፈባቸው ቀበሌዎች አሉ። እርዳታው ይበልጥ የሚያስፈልገው ሰፈር ቅጹን ለመሙላት ይበልጥ የማይችለው ሰፈር ነው። የሎተሪ ቲኬት ብርሃን ላለው ሰፈር ብቻ ሸጦ "ዕጣው ለሁሉም እኩል ነው" እንደማለት ነው።

አሁን ወደ ምስክር ወረቀቱ ልመለስ። በ2001 የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 እድርና እቁብን "ይህ አዋጅ አይመለከታቸውም" ብሎ አለፋቸው። ያንን የተካው የ2011ዱ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113ም እንዲሁ አደረገ። በበጎ ካየነው ሕጉ "እድርን በወግ በልማዱ ተዉት" ማለቱ ነው፤ እኔም እስማማለሁ። ጣጣው ገንዘብ ሰጪው "ከባለሥልጣኑ የምዝገባ ወረቀት የሌለው አያመልክት" ያለ ዕለት ይመጣል። ያኔ ሕጉ ለክብሩ ብሎ የተወው እድር ሕጋዊ እንዳልሆነ ተቆጥሮ ከበር ይመለሳል። ይህን ያደረገው አዋጁ አይደለም፤ ቅጹን ያዘጋጀው ሰው ነው። ቅጽ ደግሞ ፓርላማ ሳይሰበሰብ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይስተካከላል።

"ወንድሜ፣ ገንዘብ እኮ ይበላል!" የምትሉኝ አላችሁ። ልክ ናችሁ፤ ይበላል። ግን የት የት እንደሚበላ እንነጋገር። አዲሱ አዋጅ የተመዘገበ ድርጅት አስተዳደራዊ ወጪው ከገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኗል። የቀድሞው 30 በመቶ ይፈቅድ ነበር። ሕግ አውጪው ጣራ ማበጀት ያስፈለገው የእድር ዳኞች መኪና ስለቀያየሩ አይመስለኝም። የእድር አስተዳደራዊ ወጪ የጡሩምባ ነፊው አበልና የመዝገቡ ደብተር ነው።

ደግሞስ ሰፈሩን ለማመን የምንፈራ ከሆነ ለምን ከባዱን ፍርድ ለእሱ እንሰጠዋለን? የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ዛሬ አገር አዳርሷል። መዋጮውን መክፈል የማይችሉትን ድሆች የሚለየው ማን ነው? የቀበሌው ሕዝብ ነው። "እገሌ ድሃ ነው፣ እገሌ ግን መክፈል ይችላል" ብሎ ጎረቤቱን በጎረቤቱ ፊት የሚመዝን ሕዝብ ነው። ለዚህ ፍርድ ታምኗል። ለሃምሳ አጎበርና ለአሥር አካፋ ሲሆን ግን የሦስት ዓመት ኦዲት ያምጣ ይባላል!

አዲስ ነገር እየጠየቅሁም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 የዓለም ባንክ ለኢትዮጵያ የኤችአይቪ ኤድስ መከላከያ 59.7 ሚሊዮን ዶላር ሲፈቅድ፣ ለማኅበረሰብ ድርጅቶች የሚደርስ ድርሻም ነበረው። በዚያ ዘመን ብዙ እድሮች፣ በተለይ አዲስ አበባ ውስጥ፣ ደንባቸውን አሻሽለው ከቀብር አልፈው ታማሚ ወደ መንከባከብና ወላጅ አልባ ሕፃናትን ወደ መደገፍ ገብተዋል። ችግሩ ሲያስፈራ እድር ይፈለጋል፤ ፍርሃቱ ሲበርድ ቅጹ ይመለሳል።

ወደ ኋላ ከሄድን ደግሞ የበለጠ የሚገርም እናገኛለን። የ1911ዱ የኅዳር በሽታ ሕዝቡን ሲፈጅ የምዕራብ ወለጋው ገዥ ሱዳን የነበረውን አሜሪካዊ ሚሲዮናዊ ሐኪም ቶማስ ላምቢን ጠሩ። ሰውየውም እ.ኤ.አ. በ1919 ሳዮ፣ ያሁኗ ደምቢ ዶሎ፣ ገባ። ድንበር ተሻግሮ፣ ያለ መኪና መንገድ። ማመልከቻው "ሰው እያለቀብን ነው" የሚለው ጥሪ ብቻ ነበር። ሰውየው ቀድሞ መጣ፤ ዝርዝሩን የጠየቀው ከደረሰ በኋላ ነው።

ይህ ጉዳይ ዛሬ ለምን ይበልጥ አንገበገበኝ? ሁለት ቁጥር ልንገራችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፣ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 እስከ ኦክቶበር 20 ቀን 2024 ድረስ ብቻ ኢትዮጵያ ውስጥ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ ታሟል፣ 1,157 ሰው ሞቷል። ከታማሚዎቹ 44 በመቶው ከኦሮሚያ ነበሩ፤ ምዕራቡ ደግሞ ክፉኛ ከተጎዳው ወገን ነው። ወራት ሳይቆይ፣ ጥር 2017 ላይ፣ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን አቆመ። የጤና ሚኒስቴርም በዚያ ገንዘብ ይከፈላቸው የነበሩ 5,000 የጤና ባለሙያዎችን ውል ለማቋረጥ ተገደደ። ዩኤስኤአይዲ የተባለው ድርጅት ራሱ በዚያው ዓመት ሰኔ ማብቂያ ላይ ተዘጋ።

ልብ በሉ፤ ከዚያ ገንዘብ ጀርባ የነበረው ፕሮፖዛል እጅግ ያማረ ነበር። ኦዲቱም፣ ሎግ ፍሬሙም፣ "ቀጣይነት" የሚለውም ምዕራፍ ነበረው። በአንድ ፊርማ ቆመ። በዚያ ሳምንት እድሩ ግን አልቆመም። ሰኞም ቀበረ፣ ማክሰኞም አስተዛዘነ። እንግዲህ ትልቁ ገንዘብ ሲሄድ የሚቀረን ትንሹ ነው፤ የከተማው ነጋዴ፣ የወለጋ ተወላጁ ከውጭ አገር፣ የአገር ውስጥ ፋውንዴሽኑና ማኅበሩ የሚሰጠው። ይህ ትንሹ ገንዘብ የትልቁን ቅጽ ተውሶ ከመጣ ግን ለማን ሊደርስ ነው?

እድር ቅዱስ ነው አላልኩም። በብዙ ቦታ ከዳኛ እስከ ገንዘብ ያዥ ወንድ ነው፤ ነፍሰ ጡሯ ምን እንደሚያስፈልጋት የሚወስነው ወልዶ የማያውቅ ሰው ነው። ከዚህ የከፋም አለ። መስከረም 2011 ላይ ከካማሺ ተፈናቅለው ወደ ምሥራቅና ምዕራብ ወለጋ የመጡት፣ ከዚያም ወዲህ ከየወረዳው የተፈናቀሉት የማን እድር አባላት ናቸው? መዋጮ ያልከፈለ በእድር ደብተር የለም። ስለዚህ እድሩም ይጠየቅ። ግን የሚጠየቀው ይህ ይሁን፦ "ሴቶቻችሁ ምን አሉ? ከአባላታችሁ ውጭ ያለውን ድሃ ታደርሳላችሁ ወይ?" ይህን የትኛውም ሎግ ፍሬም አይመልሰውም። ሄዶ ማየትና መጠየቅ ብቻ ነው የሚመልሰው።

እናንተ ለጤና አነስተኛ ድጎማ የምትሰጡ፣ አቤቱታዬ ይኸው፦

አንደኛ፣ ማመልከቻ በኦሮምኛም በአማርኛም ተቀበሉ፤ መጻፍ ያልቻለ ደግሞ በቃሉ ያስረዳ። እናንተ ጻፉለት፤ ደመወዝ የሚከፈላችሁ እናንተ ናችሁ።

ሁለተኛ፣ ቅጹ ከአንድ ገጽ አይለፍ። ምን ችግር አለ? ምን ልታደርጉ ነው? ስንት ያስፈልጋል? ገንዘቡን ማን ይይዛል? ከዚህ በላይ ማወቅ የፈለገ ጫማውን ያድርግና ይሂድ።

ሦስተኛ፣ የቀበሌ ወይም የወረዳ ደብዳቤ፣ የሦስት ሰው ፊርማ ያለበት የባንክ ሒሳብና የእድሩ ደብተር እንደ ምስክር ወረቀት ይቆጠሩ። ከሦስቱ ፈራሚዎች አንዷ ሴት ትሁን።

አራተኛ፣ በግማሽ ጀምሩ። ግማሹን ስጡ፤ ሥራውን አይታችሁ ቀሪውን ልቀቁ። የበላ ካለ የተበላው ግማሹ ነው፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ሰፈሩ ራሱ ይፋረደዋል።

አምስተኛ፣ እምቢ ስትሉ ምክንያቱን ንገሩ። "ስላመለከታችሁ እናመሰግናለን" ምክንያት አይደለም። ሰው ተሰብስቦ፣ አዋጥቶ፣ ጸሐፊ ቀጥሮ ነው ያመለከተው። ለምን እንደተከለከለ ማወቅ መብቱ ነው።

"ይህ ሁሉ ለእኛ ሥራ ያበዛብናል" እንደምትሉ አውቃለሁ። አዎ፣ ያበዛባችኋል። እስከ ዛሬ ሥራው ሁሉ የተጫነው በለማኙ ላይ ነበር፤ በሽታውም የእሱ፣ ቀብሩም የእሱ፣ ጽሑፉም የእሱ። ከሦስቱ አንዱን እንኳ ተሸከሙለት ነው የምላችሁ።

በሚቀጥለው ክረምት ማብቂያ ዝናቡ ሲያባራ ውኃው ያቆራል፣ ትንኟም ትራባለች። ያኔ የነጆው ጸሐፊ ቅጹ ላይ የትኛው ሣጥን ውስጥ ምን እንደሚጻፍ ሲያሰላስል መዋል የለበትም። አካፋ ይዞ መውጣት አለበት።

ቸር ወሬ ያሰማን!