የቦረና ሳይንት ፓርክ ለደጋው መሬት መለኪያነት

የተከለለ ሥፍራ የዱር እንስሳትን ከመጠበቅ ሌላ ብዙም ያልተወራለት ጥቅም አለው፤ ይኸውም በዙሪያው ያለው ሀብት ምን ያህል እንደተጎዳ ማሳየት ነው። በመካነ ሰላም አቅራቢያ የሚገኘው፣ ቀደም ሲል የደንቆሮ ጫካ እየተባለ ሲጠራ የኖረው የቦረና ሳይንት ፓርክ ለምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ይህንኑ አገልግሎት ሊሰጥ ይችላል።

አሠራሩ በግልጽ የታየው በባሕር ላይ ነው። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት በቻናል ደሴቶች ዙሪያ እ.ኤ.አ. በ2003 ማስገር የተከለከለባቸው የባሕር ክልሎች ተቋቁመዋል። ሎብስተር የተሰኘው ቅርፊታም የባሕር እንስሳ በክልሉ ውስጥና ውጭ ያለው ብዛት ይነጻጸራል። ለምሳሌ በእኩል ስፋት ከውስጥ 40፣ ከውጭ 10 ቢገኙ፣ በውጭ የቀረው የውስጡ ሩብ ብቻ ነው ማለት ነው። ባለሙያው የብዙ ዓመት መዝገብ ባይኖረው እንኳ ያልተነካው ውኃ መዝገብ ይሆነዋል።

መዝገብ ሲኖር ምን እንደሚገኝ ጣና ሐይቅ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ድረስ የሚያዘው የላቤዮባርበስ ዓሣ መጠን በሦስት አራተኛ ገደማ ማሽቆልቆሉ የታወቀው ቀደም ሲል የተመዘገበ መነሻ መረጃ ስለነበረ ነው። ለደጋ የግጦሽ መሬት ግን እንዲህ ያለ መዝገብ ማግኘት አዳጋች ነው።

በየዓመቱ የሚቀርቡት የተፈጥሮ ሀብት ሪፖርቶች የተተከለውን ችግኝና ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ የሆነውን ሔክታር ይዘረዝራሉ። መሬቱ ምን ያህል አገግሟል ለሚለው ጥያቄ ግን ሔክታር መልስ አይሆንም። በአንጻሩ በፓርኩ ውስጥ ያለውን የጓሳ ሣር ቁመትና ሽፋን፣ የአስታን ቡቃያ፣ የአፈሩን ጥልቀት በአጎራባች ቀበሌዎች ካለው ጋር ማስተያየት ይቻላል። ሥራው ገመድ፣ ሜትርና ደብተር ከያዙ የግብርና ባለሙያዎችና የፓርክ ጥበቃዎች አቅም በላይ አይደለም። ዋናው ነገር በየዓመቱ በዚያው ወር፣ በዚያው ሥፍራ መደገሙ ነው።

ጥንቃቄ የሚያሻው ማነጻጸሪያውን በመምረጥ ረገድ ነው። ገደላማውን የፓርክ ክፍል ለዘመናት ከታረሰ ሜዳ ጋር ማስተያየት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል፤ ከፍታው፣ ተዳፋቱና የአፈሩ ዓይነት መቀራረብ አለባቸው። ፓርኩም ቢሆን ከብት ከሚገባበትና እንጨት ከሚለቀምበት ሥፍራ ከተለካ የሚገኘው ልዩነት ከእውነተኛው ጉዳት ያነሰ ሆኖ ይታያል።

ውጤቱ የሚያገለግለው ለሪፖርት ብቻ አይደለም። ፓርኩ የቀይ ቀበሮና የጭላዳ መኖሪያ መሆኑ ለጎብኚ ይበቃ ይሆናል፤ ግጦሽ ለቀረበት አርሶ አደር ግን አይበቃውም። ከክልሉ ውስጥ ያለው ሣር ከውጭው ስንት እጥፍ እንደሆነ በቁጥር ከታወቀ፣ በጋራ ግጦሽ ላይ ስንት ከብት ይሠማራ፣ የትኛው ሸንተረር ለስንት ክረምት ይረፍ፣ አጭዶ መመገብስ የት ይጀመር የሚለውን ከአርሶ አደሩ ጋር በማስረጃ መነጋገር ይቻላል።